ሲወጣ የማይያዝ ዓሣ

አሶሳ የሄድኩት አራስ ልጠይቅ ነው። የልጅ ልጄ ትርንጎ የመጀመሪያ ልጇን በሰላም ተገላግላ፣ እኔም ለገንፎ የሚሆን ዱቄትና አንድ ቅል ቅቤ ይዤ፣ መንገዱ አጥንቴን እየነቀነቀ አደረሰኝ። በማግስቱ ጠዋት ወገቤን ላፍታታ ብዬ ገበያ ወጣሁ። ከማንጎ ዛፎቹ ጥላ ሥር አንዲት የበርታ ሴት ጆንያ ላይ የደረቀ ዓሣ ዘርግታ ተቀምጣለች። ሽታው ሲደርሰኝ እግሬ ቆመ። ሌላው ገበያተኛ አፍንጫውን በነጠላው ይዞ ያልፋል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ሳብኩት።

«ምን ታያለህ እናቴ? ውሰድ እንጂ» አለችኝ። አማርኛዋ እንደኛ ሰፈር የድሮ ሽማግሌዎች አማርኛ ሴቱንም ወንዱንም አንተ የሚል ነው።

«ሽታውን ነው የማየው» አልኳት።

«ሽታው በነጻ ነው ወላሂ። ዓሣው ነው የሚሸጠው።»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሴት ነኝና፣ «ሲወጣ ነው የያዛችሁት ወይስ ሲመለስ?» ብዬ ጠየቅኳት። ዓሣ ገዢ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ሲመለስ» አለች። «አንተ የውሃ ሰው ነህ።» በዚህች ቃል ልቤ ሞቀ፤ ሳልከራከር ገዛሁ። ቤት ስገባ ትርንጎ ከአልጋዋ ላይ፣ «እማማ፣ አራስ ቤት ይህን ሽታ ይዘሽ ትገቢያለሽ?» ብላ ጮኸች። «የኔ ልጅ፣ አራስ ቤትማ የዓሣም አለ» አልኳትና ጀመርኩ። ሕፃኑን እያጠባች ሰምታ ስትጨርስ ጻፊው አለችኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ በላምባ ኩራዝ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትምህርት የለኝም። የማውቀውን ለመጻፍ ግን ይበቃኛል።

ያደግኩት ከገነተ ማርያም ገበያ ወረድ ብሎ፣ ዶንቢ በምትባል ወንዝ ዳር ነው። ዶንቢ ወንዝ ትባል እንጂ በበጋ ቀሚስሽን ሳትሰበስቢ የምትሻገሪያት ናት። ወደ በለስ ትገባለች፤ በለስ ደግሞ ወደ ዓባይ። ያን ጊዜ የገበያው መንገድ ቀይ አቧራ ነበር፤ ከትልቁ ሾላ ሥር ጨው ሻጮች፣ ከነሱ ጎን በርበሬ፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ልብስ ሰፊ ከነመኪናው። ልብስ ሰፊው ሬዲዮ ነበረው፤ ባትሪው እንዳያልቅ በገበያ ቀን ብቻ ይከፍተዋል። ዘፈን ሲጀምር የመኪናው ፔዳል ከዘፈኑ ጋር ይሄዳል፤ ዘፈኑ ፈጣን ሲሆን ስፌቱም ይፈጥናል፤ እናቴ በእንጉርጉሮ የተሰፋ ቀሚስ ብቻ ይጠብቃል ትል ነበር። እኔ የአቡጄዲ ቀሚስ ለብሼ፣ ኮንጎ ጫማዬን እንዳይቆሽሽ በእጄ ይዤ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ። ናይለን ሻሽ ያሰረች ሴት ስታልፍ ገበያው ዞሮ ያያታል። ዓሣ በልጥ ተሰክቶ በዘለላ ይሸጣል፤ ዘለላው በስሙኒ። በስሙኒ ዓሣ የሚገዛ ሰው ግን ከሌላ አገር የመጣ አስተማሪ ወይም ፖሊስ ነው። እኛ ዓሣ አንገዛም፤ ይደርሰናል።

እንዴት እንደሚደርሰን ልንገራችሁ። የሰኔ ዝናብ ወርዶ በለስ ሲደፈርስ፣ ነጭ ዓሣ ከትልቁ ውሃ ተነስቶ ወደ ዶንቢ ይዞራል። ቅርፊቱ እንደ ብር ያበራል፤ ክንድ የሚያህለው አለ። ውሃው ቁልቁል ሲመጣ እሱ ሽቅብ ይሄዳል። ድንጋዩ ላይ ሲደርስ ይዘላል፤ አንዱ ወድቆ እንደገና ይሞክራል፤ እኛ ልጆቹ ዳር ቆመን እናበረታታለን። ሴቶቹ ደግሞ እልል እያሉ ይዘፍኑለታል፤

«ውጣ በለው ውጣ፣ ዳገቱን ከጅረቱ ጋራ፤
ልጆችህን አስተኝተህ፣ ና ምሳ እንብላ በጋራ።»

ምሳው ማን እንደሆነ ዓሣው አያውቅም። እኛ እናውቃለን፤ ስለዚህ እንስቃለን።

ከመንደራችን በላይ ወንዟ የምትሰፋበት፣ ውሃዋ ቁርጭምጭሚት የሚደርስበት ቦታ አለ። ታቹ ንጹሕ ጠጠር ነው፤ ባቄላና ሽምብራ የሚያህል ጠጠር። ዓሣው እዚያ ደርሶ ይንፈራገጥና እንቁላሉን ጠጠሩ መሐል ይጥላል። ቦታውን አራስ ቤት እንለው ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም አራስ ቤት አይረገጥም፤ ከብት አይጠጣበትም፤ ልብስ አይታጠብበትም። የወንዙ ሽማግሌ አባባ ቢሻው ይባሉ ነበር። የጉሙዝ ሰው ናቸው፤ የአፍ መፍቻቸው ጉሙዝኛ ስለሆነ አማርኛቸው አጭር ነው፤ ነገር ግን ከሳቸው አጭር አማርኛ የሚያመልጥ አልነበረም። «ዓሣ ይወጣል። ይወልዳል። ይመጣል። ሲመጣ ብላ» ይሉናል። ሲወጣ የያዘ ሰው የመንገድ ሽፍታ ይባላል። አንዴ አንድ ጎረምሳ ሲወጣ ወግቶ ተያዘ፤ ማንም አልመታውም። ግን ያን ዓመት ዓሣው ሲከፋፈል ዳር ተቀምጦ አየ። እናቱ እንኳ ከድርሻዋ አላቀመሰችውም። ከዚያ ወዲህ ሰላማዊ ሰው ሆነ።

እናቴ ክርስቲያን ናት፣ ጾም ላይ ዓሣ አትነካም። ሲወጣ የሰኔ ጾም ይይዘናል፤ መውለጃው ላይ ፍልሰታ ይመጣል፤ ሲመለስ እንቁጣጣሽ ነው። አባባ ቢሻው «እግዜር ዓሣውንም እናትህንም አንድ ላይ አስተማረ» ብለው ይስቁ ነበር።

መስከረም ላይ፣ ውሃው ሲጠራና ዓሣው ሲወርድ፣ በቅርጫት እናጠምደዋለን። የተያዘው ሁሉ በሾላ ቅጠል ላይ ይዘረጋና በመደብ በመደብ ይከፈላል። ትልቁ ከትንሹ ጋር፣ ጭንቅላቱ ከጅራቱ ጋር ይመዛዘናል። እያንዳንዱ ቤት ለእጣ የሚሆን ነገር ይሰጣል፤ አንዱ ጨሌ፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ገለባ። የማን የማን እንደሆነ ያላየ ሰው ተጠርቶ በየመደቡ ላይ ይጥላል። ሁለት ሕግ አለ። የከፈለው ሰው እጣ አይጥልም፣ መጨረሻ የቀረውን ይወስዳል። አንድ መደብ ደግሞ ይጨመርና የመንገደኛ ይባላል፤ ያ ሥራ ሳያልቅ በመንገዱ ላይ መጀመሪያ ያለፈ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ይወስደዋል። ጠላትም ቢሆን።

እኔ ልጅ ሆኜ በየዓመቱ እጮህ ነበር። የእነ እንትና መደብ ይበልጣል፣ የኛ ጅራት ብቻ ነው፣ ሚዛኑ ተዛባ። አንድ ዓመት አባባ ቢሻው ቢላዋውን ዘርግተው፣ «አንተ ብዙ ትጮሃለህ። አንተ ክፈል» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከፈልኩ። አንዱን ከአንዱ እያየሁ፣ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ከፈልኩ። መጨረሻ የቀረውን ስወስድ፣ ከማንም እንዳላነሰ አየሁ። መጮህ ቀላል፣ መክፈል ከባድ እንደሆነ የተማርኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እስካገባ፣ ካገባሁም በኋላ፣ ከፋዩ እኔ ሆንኩ። መጮሁንም አልተውኩም።

ከዚያ መንገድ መጣ። መንገድ ጥሩ ነው፤ የታመመ ሰው በቃሬዛ ስንሸከም የኖርን ሰዎች መንገድ አንጠላም። ግን መንገድ ጠጠር ይበላል። ገልባጭ መኪኖቹ ንጹሕ ጠጠር የት እንዳለ አገኙት፤ አራስ ቤት ገቡ። የኛ ልጆች አካፋ ይዘው ጫኑ፤ በጫኑት ሸራ ጫማ ገዙ፣ ቴፕ ገዙ፣ ሰፈሩ በዘፈን ደመቀ። እኔም ጨፍሬያለሁ። ጠጠሩ ሲያልቅ ጭቃ ቀረ። ከብቱ ጭቃውን ረገጠው። በለስ ዳር ያሉት ሰዎች ደግሞ ብርብራ ወቅጠው ውሃ ውስጥ መበተን ጀመሩ፤ ዓሣው ሰክሮ ይንሳፈፋል፣ ትልቁም ትንሹም። የሚወጣው ዓሣ አነሰ። አባባ ቢሻው ባረፉበት ክረምት እኔ ድንጋዩ ጋ ቆሜ ዋልኩ፤ ምንም አልዘለለም። ከዚያ ወዲያ ስንትና ስንት ክረምት አለፈ፣ መንግሥታት መጡ ሄዱ፣ ስሙኒ ራሱ ከገበያ ጠፋ። ልጆቼ የዓሣውን ዘፈን ያወቁት ከሕፃን ማስተኛ ጋር ቀላቅለው ነው።

አሁን ወደ ቅርቡ ልምጣ። ከፓዌ በኩል ሰላማዊት የምትባል የዓሣ ባለሙያ መጣች፤ የደቡብ ልጅ፣ ሐይቅ ዳር ያደገች። ከዛፍ ሥር ሰበሰበችን። እንቁላሉ በጠጠሩ መሐል ውሃ ካልተላለፈለት እንደሚታፈን፣ ጭቃ እንደ ትራስ አፉ ላይ እንደሚቀመጥበት ነገረችን። አባባ ቢሻው ለምን አራስ ቤት አይረገጥም እንዳሉ ያን ቀን ገባኝ፤ ሳይነግሩኝ የቀሩትን ልጅቷ ጨረሰችልኝ። ጠጠር ማውጣት ይቁም፣ ጭቃው ይጠረግ፣ ከላይ የታጠበ ጠጠር ይመለስ፣ ዳርና ዳሩ ሣር ይተከል አለች።

ጌትነት ተነሳ። ጎርፍ በየዓመቱ የሚያወርደውን ጠጠር የሚጭኑት ልጆች አለቃ ነው፤ ደረቱ ሰፊ፣ ምላሱ ሹል። «እማማ ጥሩወርቅ፣ ዓሣ ይመጣ ይሆናል ተብሎ እንጀራችን ይዘጋ?» አለኝ። ለሰላማዊት አይደለም የተናገረው፣ ለኔ ነው። እውነት አለው። ፍርድ የምወደው ሲመቸኝ ብቻ ከሆነ ፍርድ አይደለም። ስለዚህ ተስማማን፤ ሦስት ክረምት እንጠብቃለን፤ ዓሣው ካልመጣ ጠጠሩ ይሸጣል። ዋስ ማን ነው ተባለ። እኔ ነኝ አልኩ።

ሥራው ደስ ሲል። ጎረቤቴ አያ ይመር አህዮቹን አመጣ። አያ ይመር በሰፈራው ጊዜ ከወሎ የመጣ ነው፤ ጎረምሳ ሆኖ መጥቶ እዚሁ ሸበተ። አጥር የሚወድ ሰው ነው፤ ጥላውን ቢያገኝ ያጥራል። በአህያ ጠጠር እያጋዝን፣ ሴቶቹ በወንፊት ጭቃ እያጠብን፣ ያንን የድሮ ዘፈን አስተማርኳቸው። የመጀመሪያው ክረምት መጣ፤ ዓሣ የለም። ሁለተኛው መጣ፤ የለም። አያ ይመር በደጄ ባለፈ ቁጥር፣ «እቴ፣ ዓሣሽ ትኬት አላገኘም መሰለኝ» ይለኛል። «አንተ ከወሎ ስትመጣ ስንት ጊዜ ፈጀብህ?» እለዋለሁ። «እኔማ በመኪና ነው የመጣሁት።» «እሱ በእግሩ ነው።» «እግር የለውም እኮ እቴ።»

በሦስተኛው በጋ አያ ይመር አንድ ብልሃት አመጣ። ከብቶች ከበለስ በኩል በወንዙ ሆድ እየወጡ አራስ ቤትን እንዳይረግጡ፣ ዶንቢ በለስ የምትገባበት አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር የእሾህ አጥር አጠረ። ያን ጊዜ ውሃው እንደ ክር ነበር፤ ከእሾሁ ሥር ይንሾከሾካል። ሁላችንም አደነቅን። ሰላማዊትም ለሥራ ርቃ ስለሄደች አላየችውም። እርሻ እንደሚታጠር ወንዝ አጠርን፣ ከብቱን ብቻ አሰብን።

ሰኔ ዘነበ። በለስ ደፈረሰ። እኔ በየጠዋቱ ወደ አራስ ቤት እሄዳለሁ፤ ጠጠሩ ታጥቦ ያበራል፣ ምንም የለም። ሰኔ አለቀ። ጌትነትና ጓደኞቹ አካፋቸውን ሲስሉ ሰማሁ። ድሮ ጠጠራቸውን የሚወስደው የገልባጭ ሹፌርም፣ ወንዙ ሲከፈት ጥሩኝ ብሎ ልኳል አሉ። እንቅልፍ አጣሁ። ዓሣ አማረኝ ብዬ አይደለም፤ ሰዎች በቃሌ አምነው ሦስት ዓመት ሆዳቸውን አስረዋል።

የሐምሌ አቦ ማግስት ጠዋት አያ ይመር እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም። «እቴ፣ ዓሣሽ መጥቷል» አለ፤ ትንፋሹ ተቆራርጦ። «የት?» «አጥሬ ላይ ቆሟል።»

ወረድን። ጎርፉ ያመጣው ገለባና ቅርንጫፍ እሾሁ ላይ ተጠምጥሞ አጥሩ ግድግዳ ሆኗል። ከሥሩ ውሃው ይፈላል፤ እሳት ሳይኖር ይፈላል። ነጭ ዓሣ በነጭ ዓሣ ላይ፣ ይዘላል፣ እሾሁን ይመታል፣ ይወድቃል፣ ይዘላል። ልጅ እያለሁ ያየሁት ዓሣ። ጌትነትና ልጆቹ ግን ቀድመውናል። ቅርጫት ይዘዋል፤ አንዱ የወባ አጎበር ዘርግቷል።

«እንኳን ደስ ያለሽ እማማ» አለ ጌትነት። «ለምነሽ ለምነሽ መጣልሽ። ጾሙም ተፈትቷል። እንብላዋ።»

«እየወጣ ነው» አልኩ።

«እየወጣ አይደለም፣ ቆሟል።»

«ማን አቆመው? እኛ ነን በር የዘጋንበት። እንግዳ ጠርተህ፣ በርህን ዘግተህ፣ ደጅህ ላይ ቆሞ ስታገኘው ትገፍፈዋለህ? አባትህ እንዲህ ነው ያሳደገህ?»

አንዱ ልጅ አጎበሩን ሰበሰበ። ጌትነት ግን የምሩን ነው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። «እማማ፣ ሦስት ዓመት ሥራ ፈትቻለሁ። ይኸው በእጄ ገባ። ከለቀቅኩት ለመመለሱ ዋስትናው ምንድን ነው?»

ዋስትና የለኝም ነበር። የነበረኝ የአንድ ሽማግሌ አጭር አማርኛ ብቻ ነው። «ይወጣል፣ ይወልዳል፣ ይመጣል» አልኩት። «ካልመጣ ጠጠሩን ሽጠው። የመጀመሪያውን አካፋ እኔ እጭናለሁ።»

መልስ አልጠበቅኩም። ቀሚሴን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ገባሁና እሾሁን መጎተት ጀመርኩ። ውሃው እስከ ጭኔ ነው፤ ዓሣው እግሬን ይመታኛል፤ እጄ ደማ። ከኋላዬ፣ «ዞር በይ እቴ፤ አጥር የሚያፈርሰው ባለቤቱ ነው» የሚል ሰማሁ። አያ ይመር ገጀራውን ይዞ ገብቷል። የሕይወቱን ምርጥ አጥር ልጡን በጣጠሰው። ጌትነትም ቅርጫቱን ጣለና ዘሎ ገባ፤ ትልቁን ግንድ በትከሻው ገፋው። ግድግዳው ተነቃነቀ፣ ተንጓጓ፣ ውሃው ይዞት ሄደ። ዓሣው ሲለቀቅ አንዱ ክንድ የሚያህል ዘሎ የጌትነትን ደረት መታው፤ በጀርባው ውሃ ውስጥ ዘፍ አለ። «ሰላም እያለህ ነው» አለው አያ ይመር። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ሴቶቹ ዳሩን ይዘው መጡ፤ እልልታው ተነሳ፤ ዘፈኔን ከኔ በላይ አውቀውታል።

ሰላማዊት ተጠርታ ስትደርስ ዓሣው አራስ ቤት ነበር። ዳር ሆነን ከሩቅ አየን፤ እኛ ባመላለስነው ጠጠር ላይ ጀርባቸው ከውሃ ወጥቶ ሲንፈራገጡ፣ ውሃው ብር ሲመስል። ልጅቷ ስትስቅ እንባዋ ወረደ። አያ ይመር ድምፁን ቀንሶ፣ «ሲመለስ አራስ ነው ማለት ነው። አራስ ይበላል እንዴ እቴ?» አለኝ። «አንተ አትብላ፣ ድርሻህን ለኔ ስጥ» አልኩት።

እስከ መስከረም ግን ልቤ አላረፈም። እንቁጣጣሽ አለፈ፤ ውሃው ጠራ። አንድ ጠዋት ጌትነት ራሱ ደጄን አንኳኳ። ቅርጫቱን ከፍቶ አሳየኝ። ከላይ እየወረደ የተያዘ ነው፤ ሆዱ የጎደለ፣ የተገላገለ ዓሣ።

ያን ቀን የሾላ ቅጠል ዘረጋን። እጣው ግን ሌላ ዘመን ነው፤ ጨሌና ገለባ የሚሰጥ የለም፤ አንዱ የስልክ ሲም ካርድ፣ አንዱ የለስላሳ ቆርኪ፣ አንዱ የእስክሪብቶ ክዳን። ቢላዋውን እንድይዝ ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። ጌትነት ግን መደቡ ገና ሳይጀመር፣ የጫኝ ልጆች ድርሻ እንዳያንስ፣ ትልልቁ ለማን እንደሚሆን፣ እየዞረ ይጮሃል። የአንዲት ልጅ ድምፅ፣ የራሴ፣ በጆሮዬ መጣ። ቢላዋውን ለሱ ዘረጋሁ። «አንተ ብዙ ትጮሃለህ። አንተ ክፈል።»

ከፈለ። ላብ ከግንባሩ እየተንጠባጠበ ከፈለ። የመንገደኛውን መደብም ሳልነግረው አስቀረ። ቅጠሉ ሳይነሳ የመኪና ድምፅ ተሰማ። ገልባጭ ነው። ሹፌሩ ወረደ፤ ያው የድሮው፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ብሏል፣ ፀጉሩ ሳስቷል። ሦስቱ ክረምት አልቋል ተብሎ ወንዙን ሊያይ መምጣቱ ነው። ሰዉ ፊቱን አዞረ። ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ለሱማ አጥንትም አይገባው» አለች። ጌትነት አየኝ። ቢላዋው በሱ እጅ ነው።

ጌትነት የመንገደኛውን መደብ በሁለት እጁ አንስቶ አቀረበለት። ከመደቦቹ ሁሉ አንድም አያንስም። ሴቶቹ ሁለቱን ጠበሱለት፤ በጨውና በሚጥሚጣ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በላ፤ ጣቱን ላሰ፤ እንዲህ ያለ ዓሣ ቀምሼ አላውቅም አለ። ከዚያ እጁን በሣር ጠራርጎ ወንዙን አየና፣ «ታዲያ ጌትነት፣ ጠጠሩስ?» ብሎ ጠየቀ።

ጌትነት ቢላዋውን በዶንቢ ውሃ እያጠበ ነበር። ቀና አላለም።

«አሁን የበላኸው ምን መሰለህ?» አለው።